ደራሲው አሳታሚ በሆነ ጊዜ

መጽሐፍ ጽፎ መጨረስ አንድ ድካም ነው፤ የጻፉትን አሳትሞ ለአንባቢ ማድረስ ደግሞ ሌላ ድካም ነው። እነዚህ ድካሞች በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ሲያርፉ፣ ማለት ደራሲው የብዕሩን፣ አሳታሚው የገንዘቡን ሸክም ሲሸከም፣ ሥራው ሚዛኑን ጠብቆ ይሄዳል። ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ በወደቁ ጊዜ ግን ሰውየው በየትኛው በኩል እንደ ደከመ ራሱም ለይቶ ማወቅ ይሳነዋል። በአገራችን ብዙ ደራስያን ረቂቃቸውን በብብታቸው ይዘው፣ የማተሚያውን ሒሳብ ከደመወዛቸው ቈጥበው ወይም ከወዳጅ ተበድረው፣ መጽሐፋቸውን በራሳቸው ወጪ ያሳትማሉና ነገሩ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ሸክሞች አንድ ላይ የተሸከመውን የአሜሪካዊውን ደራሲ የማርክ ትዌይንን ታሪክ እናቀርባለን። ዝናውንና ቀልዱን ብዙዎች ጽፈውታል። እኛ የምንመለከተው በጅምር የነበሩት ሥራዎቹ እንዴት ወደ ፊት እንደ ተራመዱ፣ በምን ምክንያትም እንደ ተሰናከሉ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

የማርክ ትዌይን የልደት ስሙ ሳሙኤል ላንግሆርን ክሌመንስ ነው። በኅዳር 30 ቀን 1835 በሚዙሪ ክፍለ አገር ተወለደ፤ ያደገውም በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በሐኒባል ከተማ ነበር። አባቱ በ1847 ሲሞቱ ገና የ11 ዓመት ልጅ ስለ ነበረ ትምህርቱ ብዙም ሳይገፋ በአንድ ማተሚያ ቤት ሥራ ለማጅ ሆኖ ገባ። በዚያ ዘመን የኅትመት ፊደል የሚደረደረው በእጅ ነበር፤ ፊደል ለቃሚው በትናንሽ ሣጥኖች ፊት ቆሞ የብረቱን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ መስመር ይሠራል፤ ኅትመቱ ሲያበቃም ያንኑ ፊደል መልሶ በየሣጥኑ ይበትናል። ትዌይን ይህን አድካሚ ሥራ በልጅነቱና በወጣትነቱ ለዓመታት ስለ ሠራ የፊደል ለቃሚው የወገብ ሕመም በመጽሐፍ የተማረው ነገር አልነበረም። ኋላ በሀብቱ ላይ ለደረሰው ጥፋት መነሻው ይኸው ትዝታ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

ከማተሚያ ቤት ወጥቶ በሚሲሲፒ የእንፋሎት መርከቦች ላይ የመሪነትን ሙያ ተማረና በ1859 ፈቃድ ተቀበለ። በ1861 የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የወንዙን ንግድ ሲያቋርጠው ወደ ምዕራብ ሄዶ ጋዜጠኛ ሆነ። በ1869 የጉዞ መጽሐፉን አውጥቶ ስሙ ከታወቀ በኋላ በ1870 ኦሊቪያ ላንግደንን አገባ፤ ቤቱንም በኮኔቲከት ውስጥ በሐርትፎርድ ከተማ ሠራ። የጽሕፈቱን ሥራ በአብዛኛው የሚያከናውነው ግን በበጋ ወራት፣ የባለቤቱ እኅት በኤልማይራ ከተማ አጠገብ በነበራት እርሻ ላይ ነበር። እኅቲቱ በ1874 ስምንት ማዕዘን ያላት ትንሽ የጽሕፈት ቤት በኮረብታ ላይ ሠርታ ሰጥታው ነበርና በዚያች ክፍል ብቻውን ተቀምጦ ይጽፍ ነበር።

በ1876 በጋ፣ «የቶም ሶየር ገጠመኞች» የተባለው መጽሐፍ በታተመበት ዓመት፣ ትዌይን በዚያች ክፍል ውስጥ ሌላ ታሪክ ጀመረ። ታሪኩ ሐክልቤሪ ፊን የሚባል ከጨካኝ አባቱ የሸሸ ልጅና ጂም የሚባል ከባርነት ያመለጠ ሰው በአንድ ታንኳ መሰል የእንጨት ርብራብ ላይ ተሳፍረው በወንዙ መውረዳቸውን የሚናገር ነው። ሥራው መጀመሪያ ላይ እንደ ወንዙ ፈሰሰ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 400 የእጅ ጽሑፍ ገጾች ተከማቹ። ነገር ግን በነሐሴ ወር ለወዳጁ ለደራሲው ዊልያም ዲን ሐወልስ በጻፈው ደብዳቤ መጽሐፉን በመጠኑ ብቻ እንደ ወደደውና ሲጨርሰው በመሳቢያ ውስጥ ሊሸጉጠው ወይም ሊያቃጥለው እንደሚችል ገለጸለት። ከዚያም ሥራው ቆመ።

የቆመበትን ምክንያት ለመረዳት የታሪኩን አካሄድ ማየት ያስፈልጋል። ጂም ነጻነት የሚያገኘው ወደ ሰሜን ሲሄድ ነው፤ ወንዙ ግን የሚፈስሰው ወደ ደቡብ፣ ባርነት ወደ ጸናበት አገር ነው። ሁለቱ መንገደኞች የኦሃዮ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር በሚገናኝባት በኬይሮ ከተማ ታጥፈው ወደ ነጻው ምድር ለመውጣት አስበው ነበር፤ ዳሩ ግን በጉም ውስጥ ከተማዪቱን ሳያዩአት አለፏት። ደራሲው ከዚህ በኋላ ባሕርያቱን ወዴት ይውሰዳቸው? ወደ ደቡብ እየወረደ ስለ ነጻነት የሚናገር ታሪክ እንዴት ይቀጥላል? ይህ ጥያቄ የዐረፍተ ነገር ማሳመር ጥያቄ አልነበረም፤ የመጽሐፉን ነፍስ የሚነካ ነበር፤ መልሱም በዚያ በጋ አልተገኘም።

እዚህ ላይ የትዌይንን የአሠራር ልማድ ልንገልጽ ይገባናል። በሽምግልናው ዘመን ስለ ሕይወቱ ባስጻፈው ቃል እንደ ተናገረው፣ ቀደም ሲል «ቶም ሶየር»ን ሲጽፍ ልክ እንደዚሁ በ400ኛው ገጽ አካባቢ ታሪኩ አልሄድም ብሎ ቆሞበት ነበር። ያን ጊዜ በጣም ደነገጠ፤ አዘነም። ረቂቁን አስቀምጦ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያነሣው ግን ታሪኩ በራሱ ኀይል መሄድ ጀመረ። ከዚህም የተነሣ በደራሲ ውስጥ ያለው ማጠራቀሚያ እንደ ማንኛውም የውኃ ማጠራቀሚያ እንደሚደርቅ፣ ሲደርቅም ዕቃውን መደብደብ እንደማይጠቅም፣ ደራሲው በሌላ ሥራ ሲጠመድ ወይም ሲያርፍ ግን ሳይታወቅ ቀስ በቀስ መልሶ እንደሚሞላ ተገነዘበ። ስለዚህ ሁለትና ሦስት መጻሕፍት በአንድ ጊዜ በጅምር ማኖር ልማዱ ሆነ፤ አንዱ ሲቆም ሌላውን ያነሣል።

«ሐክልቤሪ ፊን»ም በዚሁ ደንብ ሰባት ዓመት ቆየ። በ1879 እና በ1880 መካከል ደራሲው አንሥቶ ጥቂት ምዕራፎች ጨመረበት፤ እንደገናም አኖረው። በዚያ መካከል ሌሎች መጻሕፍት አወጣ። በ1882 ጸደይ ስለ ሚሲሲፒ ለሚጽፈው መጽሐፍ ሲል ከ21 ዓመት በኋላ ወደ ወንዙ ተመለሰ። ያየው የሚያውቀው ወንዝ አልነበረም፤ ወደቦቹን ይሞሉ የነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ተመናምነዋል፤ ጭነቱን የባቡር ሐዲድ ወስዶታል። ባርነት በሕግ ተሽሮ ሳለም ነጻ የወጡት ሰዎች ኑሮ ገና ነጻነት የሚባል አልነበረም። ከዚህ ጉዞ «ሕይወት በሚሲሲፒ ላይ» የተባለው መጽሐፍ በ1883 ወጣ። ማጠራቀሚያው ግን ከዚያ የሚበልጥ ውኃ ይዞ ነበር፤ በዚያው ዓመት በጋ ወደ ኮረብታው ክፍል ሲገባ የቆመውን ታሪክ አንሥቶ ለራሱ በሚያስገርመው ፍጥነት ጨረሰው። ጂምና ሐክ ወደ ደቡብ መውረዳቸው የታሪኩ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ ዋና ቁም ነገሩ ሆነ፤ ልጁ ሕግና ልማድ ካስተማሩት ይልቅ ወዳጁን የሚመርጥበት ቦታ እዚያው በባርነቱ አገር ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ በ1876 እንደ መሰናክል የታየው ነገር ለመጽሐፉ ደግ ሆኖ ተገኘ ብንል ስሕተት አይሆንም።

መጽሐፉ ተጨርሶ ሳለ ሁለተኛው ሸክም መጣ። ትዌይን በአሳታሚዎች ላይ የቆየ ቅሬታ ነበረው፤ ትርፉን በትክክል አያካፍሉኝም ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ሁለት መጻሕፍቱን በራሱ ገንዘብ አሳትሞ፣ ጄምስ ኦስጉድ የተባለው የቦስተን አሳታሚ ኮሚሲዮን እየተቀበለ እንዲሸጥለት አድርጎ ነበር። ሽያጩ ደስ ስላላሰኘው በ1884 አንድ እርምጃ ጨመረና በኒው ዮርክ የራሱን የአሳታሚነት ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱን የሚያስተዳድረው የእኅቱን ልጅ ያገባው ቻርልስ ዌብስተር ስለ ነበረ ስሙም «ቻርልስ ኤል. ዌብስተርና ኩባንያ» ተባለ። ገንዘቡ ግን የትዌይን ነበር።

የአሸጣጡ ደንብ ዛሬ ከምናውቀው የተለየ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ብዙ መጻሕፍት የሚሸጡት በመደብር አልነበረም፤ ወኪሎች የመጽሐፉን ናሙና ይዘው ከቤት ወደ ቤት፣ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞሩ መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት የገዢዎችን ስም ይመዘግቡ ነበር። ትዌይን ለዌብስተር የሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ 40,000 ያህል ገዢ ሳይመዘገብ መጽሐፉ እንዳይወጣ፣ ሰባት ዓመት ቢፈጅም እንኳ እንዲጠበቅ አዘዘው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ልብ ብለህ ተመልከተው፤ በረቂቁ ላይ ሰባት ዓመት የታገሠው ሰው በሽያጩም ላይ መታገሥን ያውቅ ነበር።

ነገር ግን ከትዕግሥት ውጭ የሆነ መሰናክል አጋጠመው። ሥዕሎቹን የሣለው ኤድዋርድ ኬምብል የተባለ ወጣት ነበር። መጽሐፉ ለገና ገበያ ሊደርስ ሲል፣ በአንደኛው ሥዕል የኅትመት ቅርጽ ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነውረኛ ጭረት አክሎበት ተገኘ። የታተመው ቅጅ ከየቦታው ተሰብስቦ ገጹ ተቈርጦ በሌላ ተተካ፤ አጥፊውን ለሚያስይዝ ሰው 500 ዶላር ሽልማት እንደሚሰጥ ቢነገርም አልተገኘም። መጽሐፉ በእንግሊዝ አገር በታኅሣሥ 1884 ሲወጣ በአሜሪካ ግን የገናው ገበያ አልፎት በየካቲት 1885 ወጣ። ከዚያ በፊትም አንድ የቦስተን መጻሕፍት ሻጭ መጽሐፉ ሳይወጣ ከተወሰነው ዋጋ በታች እንደሚሸጠው በዝርዝሩ ላይ አሳተመ፤ ትዌይን ከሰሰና ተረታ። በመጋቢት ወር ደግሞ የኮንኮርድ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለወጣቶች አይገባም ብሎ መጽሐፉን አስወጣው። ደራሲው ግን በዚህ አልተከፋም፤ ይህ ክልከላ 25,000 ቅጅ ያሸጥልናል ብሎ ለዌብስተር ጻፈለት። መጽሐፉም በጥሩ ሁኔታ ተሸጠ።

በዚያው ዓመት ድርጅቱ ከፍ ያለ ዕድል አገኘ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት ገንዘባቸውን በኪሳራ አጥተው፣ በጕሮሮ ነቀርሳም ታመው የሕይወታቸውን ታሪክ ይጽፉ ነበር። ትዌይን ሌላ አሳታሚ ሊሰጣቸው ካሰበው እጅግ የበለጠ ድርሻ ሰጣቸውና መጽሐፉን ወሰደ። ጄኔራሉ በሐምሌ 23 ቀን 1885 ሲሞቱ ጽሑፉን ከጨረሱ ጥቂት ቀናት ብቻ አልፈው ነበር። በሁለት ክፍል የታተመው መጽሐፍ ከ300,000 ጥንድ በላይ ተሸጠ፤ በየካቲት 1886 ለሚስታቸው የተሰጠው የመጀመሪያው የባንክ ወረቀት ብቻ 200,000 ዶላር ነበር። አንድ ደራሲ ባቋቋመው ድርጅት የአንድ ሟች ቤተ ሰብ ከድኽነት ዳነ። ይህ በእርግጥ የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ሰው ከፍ ባለበት ጊዜ የእግሩን ሥር አያይም። ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ሁሉ እንደ ግራንት መጽሐፍ የሚሸጥ መሰለው። በ1887 የሮማውን ሊቀ ጳጳስ የሊዮን 13ኛን የሕይወት ታሪክ ሲያሳትም ካቶሊኮች ሁሉ ይገዙታል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ሳይሆን ቀረ። በዚያው ዓመት የድርጅቱ ሒሳብ ያዥ ብዙ ገንዘብ ማጕደሉ ታወቀ። ቀጥሎ 11 ክፍል ያለው የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ስብስብ መታተም ጀመረ፤ ይህንንም መጽሐፍ ገዢው በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየከፈለ ይወስደዋል፤ ወኪሉ ግን ኮሚሲዮኑን ወዲያው ይቀበላል፤ አታሚውና ጠራዡም አይጠብቁም። በዚህም የተነሣ ብዙ በተሸጠ ቍጥር ድርጅቱ የባሰ ይበደር ነበር። ገበያ የደራለት ነጋዴ በገበያው ብዛት ሲሰጥም ማየት የሚያስደንቅ ነው፤ ሆኖም ሒሳቡን ለተመለከተ ሰው ምስጢር አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ስለ ፊደል መልቀም የነበረው የልጅነት ትዝታ ያመጣበት ጣጣ ነው። ጄምስ ፔጅ የሚባል አንድ ሰው ፊደልን እንደ ሰው ጣት ለቅሞ የሚደረድር፣ ከኅትመት በኋላም ፊደሉን መልሶ በየቦታው የሚያኖር መኪና እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ትዌይን በ1880 በጥቂት ሺሕ ዶላር ጀመረ፤ በ1886 የመኪናውን ወጪ የሚሸከምበትን ውል ተዋዋለ፤ ከዚያ በኋላ በወር እስከ 3,000 ዶላር የሚፈስስበት ጊዜ ነበር። መኪናው 18,000 ያህል ክፍሎች ነበሩት። ሲሠራ ያዩት ሰዎች ሁሉ ያደንቁት ነበር፤ ነገር ግን በሠራ ማግሥት ፔጅ አንድ የሚሻሻል ነገር ያይና ይፈታዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ይህ ሰው ግን ሳይቸኩል፣ ፍጹም ለማድረግ ብሎ፣ በየጊዜው ያፈስስና ይለቅም ነበር።

ትዌይን በዚያው ጊዜ «አንድ የኮኔቲከት ሰው በንጉሥ አርተር ቤተ መንግሥት» የተባለውን ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። በ1888 በጻፈው ደብዳቤ መጽሐፉን መኪናው በሚያልቅበት ቀን ለመጨረስ እንደሚፈልግ፣ ቀኑም ጥቅምት 22 ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ቀኑ መጣ፤ አለፈም። በጥር 1889 መኪናው መስመር አስተካክሎ ሲደረድር ባየ ጊዜ ለወንድሙ በታላቅ ደስታ ጻፈለት፤ ጥቂት ቈይቶ መኪናው እንደገና ተፈታ። መጽሐፉ በ1889 መጨረሻ ታተመ፤ መኪናው ግን አላለቀም። ያ ልብ ወለድ በመኪናና በእጅ ጥበብ ሥልጣኔን በአንድ ቀን አመጣለሁ ስላለ፣ ኋላም ያመጣው መኪና ጥፋት ስለ ሆነበት ሰው የሚናገር መሆኑን ስናስብ፣ ደራሲው በወረቀት ላይ ያየውን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ስለ ምን አላየውም ብለን ለመጠየቅ እንገደዳለን።

በዚህ መካከል ኦትማር መርገንታለር የሠራው ሊኖታይፕ የተባለው መኪና በሐምሌ 1886 በኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ቤት ሥራ ጀምሮ ነበር። ይህ መኪና የሰውን ጣት ለመምሰል አልደከመም፤ እርሳስ እያቀለጠ ሙሉ መስመር ያወጣ ነበር፤ ያለቀለትም ስለ ነበረ ተሸጠ። የፔጅ መኪና በ1894 በቺካጎ ሄራልድ ጋዜጣ ቤት ሲፈተን እየተሰበረ ስላስቸገረ ተጣለ። የትዌይን ኪሳራ በትንሹ ከ150,000 ዶላር እንደሚበልጥ ይገመታል፤ እስከ 300,000 የሚያደርሱትም አሉ።

እዚህ ላይ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ይገኛል። ትዌይን በረቂቅ ላይ መታገሥን ስለ ተማረ፣ በመኪናውም ላይ ያንኑ ትዕግሥት አደረገ፤ ሁለቱ ነገሮች ግን አንድ አይደሉም። በመሳቢያ ውስጥ ያለ ረቂቅ ወለድ አይጠይቅም፤ ቢቆይ ደራሲው ኑሮን እየተማረ ስለሚሄድ ይበስላል። ገንዘብ እየበላ የሚቆይ ሥራ ግን በቆየ ቍጥር ዕዳው እንጂ ፍሬው አይጨምርም። በመጀመሪያው መጠበቅ ጥበብ ነው፤ በሁለተኛው መጠበቅ ተስፋ መስሎ የሚታይ ጥፋት ነው። ደራሲና አሳታሚ የሆነ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እነዚህን ሁለት ጊዜያት አንድ አድርጎ ሲያይ ነው።

በ1893 በአሜሪካ የገንዘብ ቀውስ ተነሣ፤ ባንኮች ያበደሩትን መጠየቅ ጀመሩ። በሚያዝያ 18 ቀን 1894 የዌብስተር ኩባንያ መክሰሩ ታወጀ። ትዌይን የ58 ዓመት ሰው ነበር። ባለጠጋው ነጋዴ ሄንሪ ሮጀርስ ሒሳቡን ተረክቦ የመጻሕፍቱን መብት ለባለቤቱ ለኦሊቪያ እንዲጠበቅ አደረገ። በሕጉ መሠረት ድርጅቱ ካለው ንብረት የተገኘውን ከፍሎ መለየት ይቻል ነበር፤ ባልና ሚስቱ ግን ያለባቸውን ዕዳ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ለመክፈል ወሰኑ። በሐምሌ 1895 ትዌይን ከአሜሪካ ተነሥቶ በአውስትራሊያ፣ በኒው ዚላንድ፣ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ እየዞረ በገንዘብ ንግግር አደረገ። ጉዞው አንድ ዓመት ፈጀ። ገና ወደ አገሩ ሳይመለስ በነሐሴ 1896 የበኵር ሴት ልጁ ሱዚ በሐርትፎርድ ቤታቸው ውስጥ በ24 ዓመቷ ሞተች፤ አባቷ በእንግሊዝ አገር ሆኖ መርዶውን በቴሌግራም ተረዳ። በሐዘን ውስጥ ሆኖ የጉዞውን መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1897 ወጣ፤ በ1898 መጀመሪያ ላይ ዕዳው ሁሉ ተከፈለ። ዓለም አከበረው፤ ክብሩ ግን ያጣውን ልጅ አልመለሰለትም።

በእነዚህ ክፉ ዓመታት ውስጥ እንኳ በጅምር የነበሩት ሥራዎች አልተቋረጡም። በ1892 እና በ1893 በኢጣሊያ ተቀምጦ ስለ ተጣበቁ መንታዎች የሚያስቅ ታሪክ ጀምሮ ነበር። ሲጽፈው ግን በጎን የገቡ ባሕርያት ታሪኩን ወሰዱት፤ አንዲት ባሪያ የራሷን ሕፃን ከጌታዋ ሕፃን ጋር በመለወጧ የሚመጣው መከራ ቀልዱን ዋጠው። ደራሲው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ መኖሩን ሲያውቅ አንዱን ከአንዱ ቈርጦ አወጣ፤ «ፑድንሄድ ዊልሰን» የተባለው ልብ ወለድም እንዲህ ተገኘ። ኪሳራው በታወጀበት በ1894 የታተመው ይህ መጽሐፍ የተሠራው ከፈረሰ ረቂቅ ነው።

ሌላው ሥራው ግን አልተሳካም። ከ1897 እስከ 1908 ድረስ «ምስጢራዊው እንግዳ» በሚባል ስም የሚታወቀውን ታሪክ ሦስት ጊዜ በተለያየ መልክ ጀምሮ አልጨረሰውም። በሚያዝያ 21 ቀን 1910 ከሞተ በኋላ፣ በ1916 የታተመው መጽሐፍ ሁለት ሰዎች ከረቂቆቹ ቈርጠውና ቀጥለው ያዘጋጁት ሲሆን የደራሲው የተጠናቀቀ ሥራ መስሎ ለብዙ ዓመታት ሲነበብ ቆየ። እውነተኞቹ ረቂቆች እንዳሉ የታተሙት በ1969 ነው። ከዚህ የምንማረው መጠበቅ ረቂቅን ሁሉ አያበስልም ማለትን ነው፤ አንዳንዱ ከደራሲው ዕድሜ ይረዝማል።

የ«ሐክልቤሪ ፊን» የእጅ ጽሑፍም የራሱ ዕጣ ነበረው። ደራሲው የረቂቁን ሁለተኛ ክፍል በ1885፣ የመጀመሪያውን ክፍል በ1887 ለቡፋሎ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ልኮ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል ጽሑፉን የጠየቀው የሕግ ሰው ወደ ቤቱ ወስዶት ኖሮ፣ በ1897 ሲሞት በሣጥን ውስጥ ከዕቃው ጋር ቀረ። ከመቶ ዓመት በላይ የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ ቈይቶ በ1990 በሎስ አንጀለስ ከተማ በአንድ ቤት ጣራ ሥር ተገኘ፤ ኋላም ወደ ቡፋሎ ተመልሶ ከወንድሙ ጋር ተጋጠመ። ሊቃውንት ገጾቹን ሲመረምሩ ደራሲው በ1876 የቆመው ቀድሞ እንደ ተገመተው መርከብ ርብራቡን በሰበረበት ቦታ ሳይሆን ከዚያ አልፎ፣ የሁለት ቤተ ሰቦች የደም ጠብ በሚነገርበት ምዕራፍ ውስጥ መሆኑን አወቁ። እያንዳንዱ ስርዝና ድልዝ ታይቶ ተቈጠረ። የፔጅ መኪና ደግሞ በሐርትፎርድ በደራሲው ቤት ውስጥ ለጐብኚዎች ይታያል። አንዱ ጅምር ሥራ ለዓለም ንባብ ሆነ፤ ሌላው ለመታሰቢያ ቀረ።

ከመሥሪያ ቤት መልስ በሌሊት መብራት የምንጽፍ፣ የማተሚያውንም ሒሳብ ከገዛ ኪሳችን የምንከፍል ሁሉ ከዚህ ታሪክ ልንወስደው የሚገባ ምክር አለ። ሁለት መዝገብ መያዝ ያስፈልገናል። አንደኛው የረቂቃችን መዝገብ ነው፤ በእርሱ ላይ የማለቂያ ቀን አንጻፍ፤ ታሪኩ አልሄድ ካለ እናኑረው፤ ሌላ እንጀምር፤ ተመልሰን እስክናነሣውም ድረስ አናቃጥለው። ሁለተኛው የገንዘባችን መዝገብ ነው፤ በእርሱ ላይ ቀኑን፣ የወጪውን ልክና ከዚህ አላልፍም የምንልበትን ወሰን አስቀድመን እንጻፍ፤ ወሰኑ በደረሰም ጊዜ ነገ ይሠምራል ብለን አንለፈው። ትዌይን የመጀመሪያውን መዝገብ በጥበብ ስለ ያዘ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ሁለተኛውን በዚያው ደንብ ስለ ያዘው ግን በ60 ዓመቱ ዓለምን እየዞረ ዕዳ ለመክፈል ተገደደ።